ዓይነ ስውር ነኝ፤ ብቻዬን ወደ እንግሊዝ ለትምህርት ልሄድ ነው። የቀደማችሁኝ ምን ትመክሩኛላችሁ?

የጎንደሯ | ሐምሌ 9

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ብዙ ጊዜ የሰው ጽሑፍ አነባለሁ እንጂ ጽፌ አላውቅም። ዛሬ ግን ምክራችሁ አስፈለገኝ።

ሙሉ በሙሉ ዓይነ ስውር ነኝ። በስድስት ዓመቴ ኩፍኝ ይዞኝ ነው ዓይኔ የጠፋው። ጎንደር ተወልጄ ሰበታ የዓይነ ስውራን አዳሪ ትምህርት ቤት ተማርኩ። ከዚያ ስድስት ኪሎ ሕግ አጠናሁ። ሁለት ዓመት ከሠራሁ በኋላ ሰሜን እንግሊዝ ያለ አንድ ዩኒቨርሲቲ ለማስተርስ ተቀበለኝ። ስኮላርሺፕም አገኘሁ። ትምህርቱ መስከረም አጋማሽ ላይ ይጀምራል።

ሁለት ሳምንት በደስታ ከረምኩ። ከዚያ ፍርሃቱ መጣ።

ስድስት ኪሎ እንዴት እንደኖርኩ ልንገራችሁ። ሃንድአውት ሲሰጠን ጓደኞቼ ተራ ገብተው ያነቡልኝ ነበር። እኔ በስልክ እቀዳለሁ፤ ማታ እየሰማሁ በብሬል እጽፋለሁ። ከዶርም ወደ ክፍል የምሄደው የሰው ክንድ ይዤ ነው። ካፌም፣ ላይብረሪም፣ ታክሲ ተራም እንደዚያው። ኬን (ነጭ በትር) አለኝ፤ ግን አብዛኛውን ጊዜ ታጥፎ ቦርሳዬ ውስጥ ነው የሚውለው። እዚያ ማን ያነብልኛል? የማንን ክንድ እይዛለሁ?

እናቴ "ብቻሽን ከሄድሽ እኔን እንደ ቀበርሽኝ ቁጠሪው" ብላኛለች። ወንድሜ አብሮኝ እንዲሄድ ነው የምትፈልገው። ለእሱ ቪዛም ገንዘብም የለም።

ሌላው የጨነቀኝ ከዩኒቨርሲቲው የመጣው ፎርም ነው። አካል ጉዳት አለሽ ወይ ይላል። የስኮላርሺፑ ቃለ መጠይቅ በስልክ ስለነበር ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም አልተናገርኩም። አሁን ብናገር ሐሳባቸውን ይቀይሩ ይሆን? ሄዳችሁ የተማራችሁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።


አዲስ_አራዳ | ሐምሌ 9

እንኳን ደስ ያለሽ እህቴ። እኔ የምመክርሽ ቪዛው እጅሽ እስኪገባ ድረስ ዝም በዪ። ፈረንጅም ቢሆን ወጪ ይፈራል። ከደረስሽ በኋላ ትናገሪያለሽ፤ ያኔ አይመልሱሽም።


ብሬል_በእጄ | ሐምሌ 10

የጎንደሯ፣ እንኳን ደስ ያለሽ። እኔም የሰበታ ልጅ ነኝ። ማንቸስተር ማስተርሴን ሠርቼ ከተመለስኩ አራት ዓመት ሆነኝ። አዲስ_አራዳ ለእህታችን አዝነህ እንደጻፍከው ገብቶኛል፤ ምክሩ ግን ይጎዳታል።

ፎርሙን ዛሬውኑ ሙዪው። "አዎ" ብለሽ ሙዪው። እንግሊዝ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ የእኩልነት ሕግ አለ። ዩኒቨርሲቲ በአካል ጉዳት ምክንያት ተማሪ መከልከል አይችልም። ተገቢ ማስተካከያ የማድረግ ግዴታም አለበት። አንቺ የሕግ ሰው ነሽ፣ አንብቢው። አንድ ነገር ግን ልብ በዪ። መንግሥት ለአካል ጉዳተኛ ተማሪዎች የሚሰጠው ድጎማ ለአገሩ ልጆች እንጂ ከውጭ ለምንመጣው አይደለም። ስለዚህ ለአንቺ የሚወጣውን ብር የሚፈልገው ራሱ ዩኒቨርሲቲው ነው። ሐምሌ ላይ ካወቁ በጀት ይፈልጋሉ። መስከረም ላይ ካወቁ ጥቅምትና ኅዳር በኢሜይል መላላክ ያልቃል። ስኮላርሺፕ ሰጪዎቹንም ጠይቂ። ብዙዎቹ ለዚህ የሚሆን ተጨማሪ ገንዘብ አላቸው፤ ሳይጠየቁ ግን አያነሱትም።

ስትጽፊ "እርዳታ እፈልጋለሁ" ብለሽ አትተዪው። እርዳታ ማለት ለእነሱ ምንም ማለት አይደለም። እኔ መጀመሪያ እንደዚያ ጽፌ የተላከልኝ መልስ "ስትመጣ እንነጋገራለን" የሚል ነበር። ቁርጥ አድርገሽ ጻፊ። የንባብ ዝርዝሩ ትምህርት ከመጀመሩ ስድስት ሳምንት በፊት ይላክልኝ። ፋይሉ ዎርድ ይሁን፤ ስካን የተደረገ ፒዲኤፍ ስክሪን ሪደሬ (ጽሑፉን በድምፅ የሚያነብልኝ ፕሮግራም) አያነብም። ፈተና በኮምፒውተርና በተጨማሪ ሰዓት ልፈተን። ግቢውንና ከቤት እስከ ክፍል ያለውን መንገድ የሚያሳየኝ የሞቢሊቲ አስተማሪ ይመደብልኝ። ይህን የመጨረሻውን አትርሺ። ለእኔ 12 ሰዓት ያህል ተከፍሎልኛል። ያ 12 ሰዓት ነው ዓመቱን ያቆመኝ።

ማን ያነብልኛል ላልሽው ራስሽ ታነቢያለሽ። ኤንቪዲኤ የሚባለው ስክሪን ሪደር ነፃ ነው፤ ከአሁኑ ላፕቶፕሽ ላይ ጭነሽ ፍጥነቱን እየጨመርሽ ተለማመጂ። አርኤንአይቢ ቡክሼር የሚባል የመጻሕፍት ማከማቻ አለ፤ በዩኒቨርሲቲው ላይብረሪ በኩል ትገቢበታለሽ። ክፍሉ የሚያነበውን መጽሐፍ ክፍሉ ባነበበት ቀን ብቻዬን አንብቤ የጨረስኩበትን ሌሊት አልረሳውም። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ከዚያ በፊት አንድም መጽሐፍ በሰዓቱ አግኝቼ አላውቅም።

ያም ሆኖ የሚያነቡልኝ ጓደኞቼ ድምፅ ናፈቀኝ። ይህንንም ልነግርሽ ይገባል። ስድስት ኪሎ ንባብ ማለት ሰው ነው። እየተነበበልኝ እንከራከራለን፣ ሻይ እንጠጣለን። እዚያ ንባብ ማለት አንተና ማሽን ናችሁ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት በጣም ከበዱኝ። የጠናብኝ ብቸኝነቱ እንጂ ትምህርቱ አልነበረም።

ክንዱም እንደዚያው ነው። እኛ አገር መንገድ ዳር ስትቆሚ ሳትጠይቂ ሦስት ሰው እጅሽን ይይዛል። እዚያ ማንም አይነካሽም። ንቀት አይደለም፤ ካልጠየቅሽ መንካት ነውር ነው የሚሉት። እኔ ይህን ሳላውቅ አንድ ማቋረጫ ላይ ሃያ ደቂቃ ቆሜያለሁ። አንዲት ሴት "ዝናቡን እየጠበቅህ ነው?" አለችኝ። መሻገር እንደምፈልግ ስነግራት እጄን የመብራቱ ሳጥን ሥር አስገባችው። ከሳጥኑ ሥር ጣት የምታክል ሾጣጣ ነገር አለች። መብራቱ ለእግረኛ አረንጓዴ ሲሆን ትሽከረከራለች። ድምፅ የለም፤ ጣትሽ ላይ ብቻ ነው የሚሰማሽ። ብዙዎቹ ማቋረጫዎች ላይ አለች፤ የሚያዩት ሰዎች ግን አብዛኞቹ መኖሯን አያውቁም። ስትደርሺ መጀመሪያ እሷን ፈልጊ።

ገንዘቡ አያስቸግርሽም። ኖቶቹ በመጠን ይለያያሉ። 10 ፓውንዱ ጥግ ላይ ሁለት የጉብታ ስብስብ አለ፣ 20ው ላይ ሦስት፣ 5ቱ ላይ ምንም የለም። አውቶቡስ ስትሳፈሪ የምትወርጂበትን ለሹፌሩ ቀድመሽ ንገሪው።

እስከዚያው ግን ኬኑን ከቦርሳ አውጪው። ከመሄድሽ በፊት ጎንደር ላይ በየቀኑ ብቻሽን ውጪ። ይህን ምክር ከሁሉም አስበልጬ ነው የምነግርሽ።


ዳፍንት | ሐምሌ 10

ስለ ፎርሙ እኔም ልጨምር። አዲስ_አራዳ ያልከውን እኔ ሞክሬዋለሁ።

ልጅ ሳለሁ ሰፈሩ ሁሉ "ዳፍንት ነው" ይለኝ ነበር። ኋላ ሐኪም ሬቲናይቲስ ፒግመንቶዛ አለው። ቀን መሀል መሀሉን አያለሁ፤ ጎንና ጎኑ የለም፤ ማታ ምንም የለም። ጀርመን ስሄድ ለማንም አልተናገርኩም። ኬንም አልያዝኩም። ሰው ሲያየኝ ሙሉ ሰው እመስላለሁ፤ ያ ደስ ይለኝ ነበር።

ጀርመን ታኅሣሥ ላይ ከ10 ሰዓት ጀምሮ ይጨልማል። የማታ ክፍል ነበረኝ። ሁለት ጊዜ ብስክሌት ገጨኝ። ሆን ብዬ ሰላም ያላልኳቸው የመሰላቸው የክፍል ጓደኞቼ ትዕቢተኛ ነው ብለው ተዉኝ፤ ለካ እጃቸውን ሲዘረጉልኝ አላየሁም። ፈተና ላይ ደግሞ የጽሑፉ መጠን አነሰብኝና ሁለት ኮርስ ወደቅኩ። ከወደቅኩ በኋላ ሄጄ ተናገርኩ። እዚያ ናኽታይልስአውስግላይኽ የሚሉት አለ፤ በጉዳትህ ምክንያት የሚጎድልህን የሚያካክስ ነገር፣ ተጨማሪ ሰዓት ወይም ትልቅ ጽሑፍ። ፈተናው ከመደረጉ በፊት ነው የሚጠየቀው። ወደ ኋላ ተመልሶ የሚሠራ ነገር የለም። ሴሚስተሩ እንዲሁ ሄደ።

የአንቺ ዓይነ ስውርነት እንደ እኔ አይደበቅም። እኔ ግን መደበቅ ስለቻልኩ ደበቅኩ። እዚህ የምታነቡ በከፊል የምታዩ ወይም በከፊል የምትሰሙ ካላችሁ፣ እባካችሁ እንዳትደብቁ።


አዲስ_አራዳ | ሐምሌ 10

ይህን ስላካፈልከን አመሰግናለሁ ወንድሜ። ያልኩትን አንስቻለሁ። የጎንደሯ፣ እነሱን ስሚ።


ድምፅ_የለሽ_ዲሲ | ሐምሌ 11

እኔ መስማት የተሳነኝ ነኝ። ስለዚህ መንገዴ ከአንቺ ይለያል፤ ግን አንዳንዱ ይመሳሰላል።

ዋሽንግተን ጋሎዴት ዩኒቨርሲቲ ነው የተማርኩት። እ.ኤ.አ. በ1864 የተመሠረተ፣ በምልክት ቋንቋና በእንግሊዝኛ የሚያስተምር ዩኒቨርሲቲ ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 ተማሪዎቹ መስማት የተሳነው ፕሬዚዳንት ይሾምልን ብለው ግቢውን ዘግተው አሸንፈዋል። ግቢው ውስጥ ፕሮፌሰሩም፣ ጥበቃውም፣ ካፌ የሚሠራውም በምልክት ቋንቋ ያወራል። እኔ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አስተርጓሚ ሳልፈልግ የዋልኩት እዚያ ነው።

ግን ይህ የሆነው ከስምንት ወር በኋላ ነው። ብዙ ሰው የምልክት ቋንቋ በዓለም አንድ ይመስለዋል። አይደለም። የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋና የአሜሪካው ሁለት ቋንቋ ናቸው፤ የሚመሳሰሉ ምልክቶች ቢኖሩም። የጣት ፊደላችን እንኳ ሌላ ነው። የእኛው ለእያንዳንዱ ፊደል የእጅ ቅርጽ አለው፤ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያሉት ሰባቱ ድምፆች በእጅ እንቅስቃሴ ይለያሉ። እዚያ 26 ፊደል ብቻ ነው። ስሜን በሦስት ፊደል እጽፈው የነበርኩት ሰውዬ በሰባት ፊደል መጻፍ ጀመርኩ። የመጀመሪያ ቀን አስተርጓሚ ተመደበልኝ። እሷ በአሜሪካ ምልክት ትተረጉማለች፣ እኔ ደግሞ ቁጭ ብዬ አያታለሁ። ምንም አልገባኝም። ያንን ለመናገር አፍሬ ሁለት ሳምንት ራሴን ነቀነቅኩ። ሌላ ዩኒቨርሲቲ የምትገቡ መስማት የተሳናችሁ፣ ቋንቋው እስኪገባችሁ ድረስ ከአስተርጓሚ ይልቅ ንግግሩ ወዲያው ወደ ጽሑፍ የሚቀየርበትን አገልግሎት ጠይቁ። እንግሊዝኛ ማንበብ ከቻላችሁ የመጀመሪያው ዓመት የሚያልፈው በእሱ ነው።

አንድ የሚያሳዝነኝ ነገር ልናገር። ዲሲ በሐበሻ የተሞላ ከተማ ነው። እንጀራው አለ፣ ቤተ ክርስቲያኑ አለ፣ ማኅበሩ አለ። እኔ ግን ከሐበሻው መሀል ስቀመጥ ነው ይበልጥ ብቸኛ የምሆነው። ቅዳሴው አልፎኝ ይሄዳል። ሠርግ ላይ ሁሉም ሲስቅ እጠይቃለሁ፤ "ቆይ እነግርሃለሁ" ይሉኛል። አይነግሩኝም። ከስድስት ኪሎ የምልክት ቋንቋ ትምህርት ክፍል የተመረቁ ልጆች አሉ። ማኅበሮቻችን አንድ አስተርጓሚ ለአንድ በዓል ቢጠሩ ምን ነበረበት?


የሴት_ልጅ_እናት | ሐምሌ 12

ልጄ፣ የጻፍከውን አንብቤ እንባዬ መጣ። የእኔም ልጅ መስማት የተሳናት ናት። ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ትጨርሳለች። ጎበዝ ናት። እኔ ግን ከእኔ ተለይታ አታውቅም። ሌሊት ሰው በሩን ቢያንኳኳ፣ እሳት ቢነሳ እንዴት ትሰማለች ብዬ እንቅልፍ አጣለሁ።


ድምፅ_የለሽ_ዲሲ | ሐምሌ 12

እትዬ፣ የእኔም እናት ይህንኑ ነበር የምትጠይቀኝ። ክፍሌ ውስጥ በር ሲደወል መብራት ብልጭ ይላል። የእሳት ማስጠንቀቂያውም ኃይለኛ መብራት አለው። ጠዋት የሚቀሰቅሰኝ ትራስ ሥር የሚንቀጠቀጥ ነገር ነው። ማደሪያ ከመያዟ በፊት ለቤቶች ክፍሉ በጽሑፍ ይንገሩ፤ ይገጥሙላታል። አሁን የሚያስፈልጋት የእንግሊዝኛ ንባብና ጽሑፍ ነው። ክረምቱን በእሱ ላይ ትዋል። እርስዎ ደግሞ ካልጀመሩ ምልክት ቋንቋ ይማሩ። ስትሄድ በቪዲዮ የምታወራዎት እንደዚያ ነው።


ኬረላ_ነበርኩ | ሐምሌ 13

ሁሉም አሜሪካና አውሮፓ ብቻ እንዳይመስለው ብዬ ነው። ደቡብ ሕንድ ኬረላ ውስጥ ካንታሪ የሚባል ተቋም አለ። ከመሥራቾቹ አንዷ ሳብሪዬ ቴንበርከን ዓይነ ስውር ናት። በአገራቸው አንድ ነገር ለመጀመር ለሚፈልጉ ሰዎች ነው የሚያስተምረው። ለእኔ ከክፍሉ ይበልጥ የጠቀመኝ ብዙ ዓይነ ስውራን በየራሳቸው ሲወጡና ሲገቡ መስማቴ ነው።


ዳለስ_ኤርፖርት | ሐምሌ 14

ሰላም። እኔ አካል ጉዳት የለብኝም። ዋሽንግተን ዳለስ ኤርፖርት ውስጥ መንገደኛ የሚረዱትን ክፍል ነው የምሠራበት። እዚህ ሥራ ላይ ብዙ ሐበሻ አለ። ስለ ጉዞው የማውቀውን ልንገርሽ።

ትኬቱን ስትቆርጪ ዓይነ ስውር መሆንሽን አስመዝግቢ። ቢዘገይ ከ48 ሰዓት በፊት ይሁን። አየር መንገዶች ለዚህ ኮድ አላቸው። ለዓይነ ስውር ቢ.ኤል.ኤን.ዲ ነው፣ መስማት ለተሳነው ዲ.ኢ.ኤ.ኤፍ። ወኪሉ በስህተት የዊልቸር ኮድ እንዳያስገባብሽ አረጋግጪ። ይህ በየቀኑ የሚሆን ነው። ዓይነ ስውር ተብሎ ዊልቸር ይዘን እንሄዳለን፤ ሰውየው በእግሩ የሚሮጥ ወጣት ነው። ወንበሩ ላይ ካልተቀመጥክ አንወስድህም የሚል ሠራተኛ ሊገጥምሽ ይችላል። በትሕትና እምቢ በዪ። "እግሬ ደህና ነው፤ ክንድህን ልያዝ" በዪው። አንቺ ክርኑን ያዢ እንጂ እሱ እንዳይጎትትሽ።

ኬንሽን ከሻንጣ ጋር እንዳታስገቢ። ፍተሻ ላይ በማሽኑ ውስጥ ያልፋል፤ ወዲያው እንዲመልሱልሽ ጠይቂ። አውሮፕላኑ ውስጥ የደህንነት ገለጻውን ለብቻሽ እንዲሰጡሽ፣ ከመውጫው እስከ ወንበርሽ ስንት ረድፍ እንዳለ እንዲነግሩሽ ጠይቂ። እስኪወስዱሽ ስትጠብቂ የሚያስቀምጡሽን ቦታ ስምና የበሩን ቁጥር ያዢ። ረስተውት የሚቀር ሰው አጋጥሞኛል፤ እውነቱን መደበቅ አልፈልግም። ሃያ ደቂቃ ካለፈ የሚያልፍ ሰው ጥሪ። አገልግሎቱ ነፃ ነው፤ ቲፕ ካልሰጠሁ ብለሽ አትጨነቂ።

መስማት ለተሳናችሁ፦ የበር ለውጥ በድምፅ ማጉያ ይነገራል። በሩ ላይ ላለው ሠራተኛ ሄዳችሁ በጽሑፍ ንገሩት፣ ፊታችሁን አሳዩት፣ እሱ በሚያያችሁ ቦታ ተቀመጡ። የአየር መንገዱን አፕም ጫኑ።


ግማሽ_ጆሮ | ሐምሌ 14

እኔ የጆሮ መርጃ ነው የምጠቀመው። ጥቂት ብቻ። ፍተሻ ላይ ማውለቅ የለባችሁም፣ አውሮፕላን ውስጥም ማጥፋት የለባችሁም። ባትሪ ከአገር ይዛችሁ ሂዱ፤ የባትሪውን ስም ስትረሱ ቀለሙን አስታውሱ፣ ብርቱካናማው 13፣ ቡናማው 312 ነው። እንግሊዝ ለምትሄዱ ደግሞ የሱፍ አበባ ያለበት አረንጓዴ የአንገት ማንጠልጠያ አለ። እ.ኤ.አ. በ2016 ጋትዊክ ኤርፖርት የጀመረ ነው። እሱን ስታደርጉ ሠራተኞቹ የማይታይ ጉዳት እንዳለባችሁ ያውቃሉ፤ ቀስ ብለው ያናግሯችኋል።


ፈተና_አለብኝ | ሐምሌ 20

የጎንደሯ፣ በጽሑፍሽ መሀል ሌላ ጥያቄ ስላስገባሁ ይቅርታ። አይኤልቲኤስን (የእንግሊዝኛ ፈተናውን) እንዴት ተፈተንሽ?


የጎንደሯ | ሐምሌ 21

ምንም አይደለም። ቀድመህ ለፈተና ማዕከሉ ጻፍ። ብሬል ወይም ስክሪን ሪደር፣ ተጨማሪ ሰዓትም ይፈቀዳል፤ ግን ዝግጅቱ ጊዜ ይወስዳል። እኔ ሦስት ወር ቀድሜ ነው ያመለከትኩት። በቅርብ የተጻፈ የሐኪም ማስረጃ በእንግሊዝኛ ያስፈልግሃል። መስማት የተሳናቸው ከማዳመጥ ክፍሉ ነፃ እንዲሆኑ መጠየቅ ይችላሉ፤ ውጤቱ ላይ ማስታወሻ ይጻፍበታል።


ዳፍንት | ሐምሌ 21

ለሚቀጥለው ዓመት የምታስቡም ካላችሁ፣ ኢራስመስ ሙንዱስ (የአውሮፓ ኅብረት የማስተርስ ስኮላርሺፕ) አካል ጉዳት ላለበት ተማሪ እንደ ፍላጎቱ እስከ 60,000 ዩሮ ተጨማሪ ድጋፍ አለው። ከስኮላርሺፑ ጋር አብሮ ይጠየቃል። እኔ ዝም ባልል ኖሮ...


የጎንደሯ | ነሐሴ 18

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ፎርሙን ሞላሁ። ቁርጥ አድርጌ ጻፍኩ። በሦስተኛው ቀን መልስ መጣ። የሞቢሊቲ አስተማሪ ይመደብልኛል። የንባብ ዝርዝሩም በዎርድ መጣልኝ። ስኮላርሺፑን አልሰረዙትም፤ ለላፕቶፕ የሚሆን ጨመሩልኝ።

ኬኔንም አወጣሁ። በየቀኑ ከቤታችን ፒያሳ፣ ከፒያሳ እስከ ፋሲል ግንቡ። ክረምት ነው፤ ጭቃው ከባድ ነው። በመጀመሪያው ቀን ሰባት ሰው እጄን ያዘኝ። "የኔ ልጅ፣ የት ላድርስሽ?" ይሉኛል። "እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ራሴ ልሞክር" ማለት ተማርኩ። ማለቱ ከመንገዱ ይበልጥ ከበደኝ።

እናቴ እቤት ነኝ ብላኝ ከኋላዬ ትከተለኝ ነበር። የጫማዋን ድምፅ አውቀዋለሁ። ሦስት ቀን ተከተለችኝ፤ ሦስት ቀን ዝም አልኳት። በአራተኛው ቀን ከኋላዬ ማንም አልነበረም። ስመለስ ቡና አፍልታ ጠበቀችኝ። ስለ ወንድሜ ከዚያ ወዲህ አላነሳችም።


ብሬል_በእጄ | ነሐሴ 18

ጎበዝ እህቴ። ጓንት ያዢ፤ ግን ጣቱ የሚወጣ ይሁን። በብርድ ጣት ሲደነዝዝ ብሬል አይነበብም። በረዶ ሲጥል ደግሞ የመንገዱ ጠርዝ ይጠፋል፣ ድምፁም ይታፈናል። ያን ቀን ሰው መጥራት ሽንፈት አይደለም።


የጎንደሯ | ጥቅምት 4

ደርሻለሁ። ሦስት ሳምንት ሆነኝ።

ሂትሮው ላይ ዊልቸር ይዘው መጡ። ዳለስ_ኤርፖርት እንዳልከኝ "እግሬ ደህና ነው" አልኩ። ልጁ ይቅርታ ጠይቆ ክርኑን ሰጠኝ። ባቡር ጣቢያ ላይ ግን አርባ ደቂቃ አስቀምጠው ረሱኝ። የሚያልፍ ሰው ጠራሁ።

ማታ ማታ አለቅሳለሁ፤ አልዋሻችሁም። ድምፅ_የለሽ፣ ስለ ሐበሻው መሀል ያልከውን አሁን አሁን አስበዋለሁ። እዚህ የሐበሻ ማኅበር አለ፤ ለመስቀል ሄጄ አስተርጓሚ ጠርታችሁ ታውቃላችሁ ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። አንዲት እናት ስልክ ቁጥሬን ወስዳለች።

ባለፈው ሳምንት ጉንፋን ያዘኝና መድኃኒት ቤት ሄድኩ። ካርቶኑ ላይ ብሬል አለ። የመድኃኒቱን ስም ማንንም ሳልጠይቅ በጣቴ አነበብኩ። አልጋዬ አጠገብ አስቀምጬዋለሁ፤ ጉንፋኑ ቢለቀኝም አልጣልኩትም።

ብሬል_በእጄ፣ ሾጣጣዋን አገኘኋት። ከዶርሜ ወጥቼ ሁለተኛው ማቋረጫ ላይ ናት። ቀዝቃዛ ናት። ዛሬ ጠዋት እጄን ከሥሯ አድርጌ ጠበቅኩ፣ ጠበቅኩ፣ ከዚያ ዞረች። ተሻገርኩ።